ሰውነት ሲንቀሳቀስ ሐሳብ የት ይዋል?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱን አንድ ላይ ለማስተናገድ መርጠናል። የመጀመሪያውን የላከችልን ሯጭ ናት፤ ሁለተኛው ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት የእግር ኳስ ተጫዋች፣ ሦስተኛው ደግሞ በስትሮክ የታመሙ እናቷን ከምታስታምም ልጅ የመጣ ነው። ጠያቂዎቻችን ባይተዋወቁም የሦስቱም ጭንቀት አንድ ነው፦ ሰውነት በሚንቀሳቀስበት ሰዓት አእምሮ ምን ላይ ቢያርፍ ይሻላል? በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው፤ በአንድ ክለብ ውስጥ ለ10 ኪሎ ሜትርና ለግማሽ ማራቶን እሠለጥናለሁ። ፍጥነቱ ሲጠነክር አሠልጣኛችን «ጥርስሽን ነክሰሽ ያዢው! እጅሽን ዝቅ፣ ጉልበትሽን ከፍ፣ ትንፋሽሽን አስተካክዪ!» ይሉኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመፈጸም ስሞክር ግን ጭራሽ እደክማለሁ። አንዲት የቡድን ጓደኛዬ ኪፕቾጌ ሲሮጥ ፈገግ የሚለው ሆን ብሎ ነው ብላኛለች። ፈገግታ እግርን ሊያግዝ ይችላል? አሠልጣኛችንን የናቅሁ እንዳይመስልብኝ ብዬ እስካሁን ዝም ብያለሁ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ጓደኛዎ የነገረችዎ እውነት ነው። ኤሊዩድ ኪፕቾጌ በ2017 ጣሊያን ውስጥ በሞንዛ የመኪና መወዳደሪያ ላይ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ዘርሰናይ ታደሰም በተሰለፉበት ሙከራ፣ የማራቶንን ርቀት በ2 ሰዓት ከ25 ሴኮንድ ሲጨርስ በየመሐሉ ፈገግ ይል ነበር፤ ይህም ሰውነቱን ለማላላት ሆን ብሎ የሚያደርገው መሆኑን ተናግሯል። በሰሜን አየርላንድ የአልስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆነው ኖኤል ብሪክ ከባልደረቦቹ ጋር ነገሩን በ24 የክለብ ሯጮች ላይ ፈትኖታል። ሯጮቹ በትሬድሚል (ባሉበት ቦታ በሚያስሮጥ ማሽን) ላይ ለስድስት ስድስት ደቂቃ እየሮጡ አንድ ጊዜ ፈገግ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ ግንባራቸውን እንዲቋጥሩ፣ አንድ ጊዜ እጅና ትከሻቸውን እንዲያላሉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንደ ልማዳቸው እንዲሮጡ ተደረገ። ፈገግ ባሉበት ጊዜ የተጠቀሙት ኦክስጅን ግንባራቸውን ከቋጠሩበት ጊዜ ከ2 በመቶ በላይ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ለግማሽ ማራቶን ሯጭ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ይሁን እንጂ ከ24ቱ ሯጮች መካከል ፈገግታ ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የበለጠ የረዳቸው 14ቱን ብቻ ስለሆነ፣ እርስዎ ከ14ቱ ወገን ይሁኑ ከ10ሩ በልምምድ ላይ ሞክረው እንጂ በውድድር ቀን ሊያውቁት አይገባም።

ፊት ከእግር ጋር ምን አገናኘው የሚል ሰው አይጠፋም። ሰው ከባድ ነገር ሲያነሣ ግንባሩን የሚቋጥረው ጡንቻ ሥራው በከበደ መጠን አብሮ እየተወጠረ እንደሚሄድ በመለኪያ ታይቷል። ድካም ፊት ላይ ይጻፋል ማለት ነው። የነብሪክ ሙከራ የሚጠይቀው ደግሞ ጽሑፉን ብንለውጠው ድካሙ ይቀልል እንደሆነ ነው። በአማርኛ «ጥርስን ነክሶ መቻል» ስንል ጽናትን ማመስገናችን ነው፤ ምስጋናው ተገቢ ሆኖ ሳለ፣ ቃሉን እንዳለ በአፋቸው የሚተገብሩት ሯጮች መንጋጋቸውን፣ አንገታቸውንና ትከሻቸውን ለሩጫው በማይጠቅም ሥራ ይጠምዳሉ።

የጥያቄዎ ዋና ነገር ግን ከፈገግታው ይልቅ የትእዛዙ ብዛትና ሐሳብዎን ወደ ራስዎ ሰውነት መሳቡ ይመስለኛል። ጋብሪየሌ ቩልፍ የተባለች ተመራማሪ በ1998 ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች የበረዶ ሸርተቴን በሚመስል መሣሪያ ላይ ወደ ግራና ቀኝ መንሸራተትን እንዲማሩ አደረገች። ለአንደኛው ቡድን በእግራቸው ስለሚሰጡት ግፊት እንዲያስቡ፣ ለሌላው ደግሞ ከእግራቸው ሥር ባሉት ጎማዎች ላይ ስለሚያርፈው ግፊት እንዲያስቡ ተነገራቸው። በእግርና በጎማው መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ስለ ጎማው ያሰቡት ግን የተሻለ ተማሩ። ከዚያ ወዲህ በዝላይ፣ በጎልፍ፣ በሚዛን አጠባበቅና በሌሎችም እንቅስቃሴዎች ላይ በርካታ ጥናቶች ተመሳሳይ ውጤት አሳይተዋል። ለምሳሌ በ2010 የታተመ አንድ ጥናት ቆመው ወደ ፊት የሚዘሉ ሰዎች ጉልበታቸውን በፍጥነት ስለመዘርጋት ከሚያስቡ ይልቅ ከመነሻው መሥመር የቻሉትን ያህል ርቀው ስለማረፍ ሲያስቡ፣ በአማካይ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው እንደሚያርፉ አሳይቷል። ቩልፍ ለዚህ የሰጠችው ማብራሪያ፣ ሰውነት ራሱ አስተካክሎ የሚሠራውን ሥራ በሐሳባችን ስንቆጣጠረው እናሰናክለዋለን የሚል ነው። ደረጃ ሲወርዱ እያንዳንዱን እግር የት እንደሚያሳርፉ ለማሰብ ቢሞክሩ ምን እንደሚገጥምዎ ያውቁታል።

በሩጫም እንዲሁ ነው። በጀርመን ሊንዳ ሹከርና ባልደረቦቿ በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ 24 የሠለጠኑ ሯጮች በአንድ ፍጥነት እየሮጡ ስለ እግራቸው አካሄድ፣ ስለ ትንፋሻቸውና ስለ አካባቢያቸው በየተራ እንዲያስቡ ተደረገ። አነስተኛ ኦክስጅን የተጠቀሙት ስለ አካባቢያቸው ሲያስቡ ነበር። «ትንፋሽሽን አስተካክዪ» የሚለው ትእዛዝ ለምን እንደሚያደክምዎ አሁን ሳይገባዎ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለብኝ። በ1977 ዊልያም ሞርጋንና ማይክል ፖሎክ ታላላቅ የማራቶን ሯጮችን ጠይቀው፣ እነዚህ ሯጮች ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ከማዞር ይልቅ ሰውነታቸው የሚነግራቸውን በቅርብ እንደሚከታተሉ ዘግበው ነበር። ይህ ከላይ ካልሁት ጋር የሚጋጭ ቢመስልም አይጋጭም፤ ሰውነትን መስማት ሌላ ነው፣ ሰውነትን ማዘዝ ሌላ ነው። እግርዎ ከበደ ወይስ ቀለለ፣ ይህ ፍጥነት እስከ መጨረሻ ያደርሰኛል ወይ ብሎ በየጊዜው መጠየቅ የብልህ ሯጭ ሥራ ነው። «ጉልበቴ አሁን በቂ ከፍ ብሏል?» እያሉ በየእርምጃው መፈተሽ ግን ሩጫውን ያውካል።

በእንጦጦና በሱሉልታ ጫካዎች ሯጮች በሰልፍ ሆነው የፊተኛውን እግር እየተከተሉ ሲሮጡ ያየ ሰው፣ የእኛ ልጆች ይህን ያለ ቤተ ሙከራ እንደደረሱበት ይረዳል። ዓይን የፊተኛው እግር ላይ ያርፋል፣ እርምጃ ከእርምጃ ይገጥማል፣ የራስ እግር ይረሳል። በደቦ አጨዳ ላይ ዜማው ማጭዱን እንደሚመራው ማለት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1998 በበርሚንግሃም የቤት ውስጥ የ2,000 ሜትር ክብረ ወሰንን በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሴኮንድ ሲሰብር፣ እርምጃውን የሚመራለት ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ በአዳራሹ እንዲለቀቅለት አድርጎ ነበር። በ2012 በታተመ ጥናት ደግሞ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሱ የትሪያትሎን (የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ጥምር ውድድር) ስፖርተኞች እርምጃቸውን ከሙዚቃ ምት ጋር አስማምተው በትሬድሚል ሲሮጡ፣ ሙዚቃ ከሌለበት ጊዜ ይልቅ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ተጨማሪ ጊዜ ቆይተዋል። ስሜት የሚቀሰቅሰውም የማይቀሰቅሰውም ሙዚቃ ተቀራራቢ ውጤት ማስገኘቱ፣ ጥቅሙ በብዛት ከምቱ መገጣጠም የመጣ እንደሆነ እንድናስብ ያደርጋል።

አሠልጣኝዎን መቃወም አያስፈልግዎትም። እሳቸው የሚያዩት ጉድለት እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው። ከልምምድ በፊት፣ ሰው ሳይሰማ፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ መርጠው ቢነግሩኝ በደንብ እይዘዋለሁ» ብለው ቢጠይቋቸው የሚቀየሙ አይመስለኝም። «ጉልበትሽን ከፍ» የሚለውን እርስዎ በልብዎ «መሬቱ የጋለ ምጣድ ነው» ብለው ይተርጉሙት። «እጅሽን ዝቅ» ሲባሉ በየመዳፍዎ ጥሬ እንቁላል የያዙ ይመስል ይሩጡ፤ ትከሻውም አብሮ ይላላል። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ላይ ደግሞ ለራስዎ የሚናገሩት አጭር ቃል አስቀድመው ያዘጋጁ። በ2014 የእንግሊዝና የዌልስ ተመራማሪዎች ባደረጉት ሙከራ፣ ለራሳቸው የሚናገሩትን አበረታች ቃል መርጠው ለሁለት ሳምንት የተለማመዱ ሰዎች በብስክሌት እስኪዝሉ ድረስ የቆዩበት ጊዜ 18 በመቶ ያህል ጨምሯል። ቃሉን ሌላ ሰው አይምረጥልዎ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ በየበጋው በሰሜን አሜሪካ በሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር ላይ ከከተማዬ ቡድን ጋር እጫወታለሁ። የጉልበቴ የፊት መስቀለኛ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገልኝ ስምንት ወር ሆነኝ። ፊዚዮቴራፒስቴ ጥንካሬዬ ጥሩ ነው ብላኛለች፤ ነገር ግን ኳስ ይዞ የሚመጣ ሰው ሳይ እግሬ በራሱ ወደ ኋላ ይላል። ጓደኞቼ «ፈራህ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱብኛል። ፍርሃቴን ማሸነፍ እንዴት እችላለሁ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ብቻዎን አይደሉም። በ2014 ክሌር አርደርንና ባልደረቦቿ ከ7,500 በላይ ታካሚዎችን ያካተቱ 69 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ አንድ ዓይነት ስፖርት የተመለሱት 81 በመቶ ሲሆኑ፣ ወደ ቀድሞ ደረጃቸው የተመለሱት 65 በመቶ፣ ወደ ውድድር የተመለሱት ደግሞ 55 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጉልበታቸው ከዳነ በኋላ ከሜዳ ከቀሩት መካከል ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው የድጋሚ ጉዳት ፍርሃት ነው። ለዚህም ሲባል ሰው ወደ ስፖርት ለመመለስ በመንፈሱ መዘጋጀቱን የሚለካ፣ በአውስትራሊያ የተዘጋጀ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ፤ ፊዚዮቴራፒስትዎ የጡንቻዎን ጥንካሬ ብቻ ለክተው ከሆነ ይህንንም እንዲጠቀሙልዎ ይጠይቋቸው።

ሁለተኛው ነገር ጓደኞችዎን የሚመለከት ነው። ፍርሃትዎ ሁሉ ስሕተት አይደለም። በኦስሎ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ወደ ሜዳ መመለስ እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ጉልበት እንደገና የመጎዳት ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እርስዎ ገና ስምንተኛው ላይ ነዎት። ስለዚህ እግርዎ ወደ ኋላ ማለቱ በከፊል ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ የሚያስቀልድ ነገርም የለበትም።

የቀረው ጊዜ ግን በከንቱ እንዳያልፍ፣ በዓይነ ሕሊና መለማመድ የሚባለውን ይጀምሩ። ይህ ነገር ለብዙዎች የከንቱ ምኞት ይመስላል። በ1992 ጓንግ ዩዌና ኬሊ ኮል ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ትንሿን ጣታቸውን ወደ ጎን የመግፋት ልምምድ ለአራት ሳምንት በእውን የሠሩ ሰዎች ጥንካሬያቸው በ30 በመቶ ሲጨምር፣ ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ የሠሩት በ22 በመቶ ጨምሯል፤ ምንም ያልሠሩት ጭማሪ ከ4 በመቶ በታች ነበር። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ በተደረገና በ2014 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ የእጅ አንጓቸው ለአራት ሳምንት እንዳይንቀሳቀስ የታሰረ ሰዎች 45 በመቶ ያህል ጥንካሬያቸውን ሲያጡ፣ በዚያው ጊዜ ጡንቻቸውን እያኮማተሩ እንደሆነ በሐሳባቸው የተለማመዱት ያጡት 24 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ለእርስዎ ይበልጥ የሚቀርበው በ2001 የታተመው ጥናት ነው፤ እንደ እርስዎ ያለ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 30 ሰዎች የተሳተፉበት ሲሆን፣ ከፊዚዮቴራፒው በተጨማሪ አሥር ጊዜ የመዝናናትና የምናብ ልምምድ ያደረጉት በ24ኛው ሳምንት ጉልበታቸው የበለጠ ጠንክሮ፣ ሕመማቸውና የድጋሚ ጉዳት ፍርሃታቸውም ቀንሶ ተገኝተዋል።

አሠራሩ ግን ደንብ አለው። ጳውል ሆምስና ዴቭ ኮሊንስ በ2001 እንዳስተማሩት፣ ምናቡ እውነተኛውን ድርጊት በቻለው ሁሉ መምሰል አለበት፦ አልጋ ላይ ተጋድመው ሳይሆን ማሊያና ታኬታ አድርገው፣ ከተቻለ ሜዳው ዳር ቆመው፣ በእውነተኛው ፍጥነት፣ ራስዎን እንደ ቴሌቪዥን ተመልካች ከውጭ ሳይሆን ከራስዎ ዓይን ሆነው። ልብዎ የሚመታውም ሳይቀር በምናቡ ውስጥ ይኑር፤ ፍርሃት የሌለበት ሜዳ ቢለማመዱ፣ ፍርሃት ያለበት ሜዳ ሲመጣ አዲስ ይሆንብዎታል።

ወደ እውነተኛው እንቅስቃሴ ሲመለሱም በደረጃ ይሁን፤ በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ከሚመጣ ወዳጅ ጋር፣ ቀጥሎ ከሚፈጥን ጋር፣ ከዚያም በጨዋታ ውስጥ። ዝላይ ሲለማመዱ «ጉልበቴን ልጠፍ» እያሉ አያስቡ። እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው 16 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ሐሳባቸውን ከሰውነታቸው ውጭ ባለ ነገር ላይ ያሳረፉት በአንድ እግር ዘለው ሲያርፉ ስለ ጉልበታቸው ካሰቡት ይልቅ ጉልበታቸውን ይበልጥ አጥፈው አርፈዋል፤ ጉልበታቸውን በደንብ ያጠፉት ስለ ጉልበታቸው ያላሰቡት ሆኑ። እኔ ራሴ ታካሚዎችን እንቅስቃሴ በማሠራት ሙያዬ ለዓመታት «ጉልበትህን እጠፍ፣ ወገብህን አቅና» ስል ኖሬአለሁ። አሁንም አንዳንዴ ያመልጠኛል።

ጥያቄ፦ እናቴ 61 ዓመቷ ነው፤ ከአምስት ወር በፊት ስትሮክ መታት። ትራመዳለች፤ ቀኝ እጇ ግን ጥቂት ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ሆስፒታሉ ሩቅ በመሆኑ በወር አንድ ጊዜ ብቻ እንወስዳታለን። ቤት ውስጥ «እጅሽን ዘርጊ፣ ጣትሽን ክፈቺ» እያልኩ አሠራታለሁ፤ ቶሎ ትበሳጫለች። አንድ ሰው ደግሞ መስታወት አድርጊላት፣ በሐሳቧም ትሥራ አለኝ። ይህ ነገር እውነት ነው ወይስ ተስፋ መስጫ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። መስታወቱ እውነት ነው። ራማቻንድራን የተባለው የአእምሮና የነርቭ ተመራማሪ በ1990ዎቹ እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች የጀመረው ዘዴ ሲሆን፣ በኋላ ለስትሮክ ታካሚዎች ዋለ፤ 62 ጥናቶችን የመረመረው የ2018ቱ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ግምገማም የእጅና የእግር እንቅስቃሴን እንደሚያሻሽል አረጋግጧል። መስታወቱን በጠረጴዛ ላይ ከእናትዎ ደረት ፊት ለፊት መሐል ላይ ያቁሙት፤ ፊቱ ወደ ግራ ይሁን፤ ደካማው ቀኝ እጅ ከጀርባው ይሸፈን። እናትዎ የግራ እጃቸውን እያንቀሳቀሱ መስታወቱን ሲመለከቱ፣ ቀኝ እጃቸው የሚንቀሳቀስ ሆኖ ይታያቸዋል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ካለ ይውለቅ፤ አእምሮን ማሳመን የሚቻለው ሁለቱ እጆች ሲመሳሰሉ ነው።

በሐሳብ መሥራትም ይረዳል፤ ነገር ግን ለብቻው አይደለም። በ2011 የታተመና 121 ታካሚዎችን ያካተተ ጥናት፣ በሐሳብ መለማመድ ብቻውን ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። በ2020 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ከእውነተኛው ልምምድ ጋር ሲጣመር እጅን እንደሚያሻሽል ደምድሟል። ስለዚህ ከልምምዱ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ሁለት ጊዜ በሐሳባቸው ያንሡ፣ ከዚያ በእጃቸው ያንሡ።

አሁን ወደ ብስጭታቸው። «እጅሽን ዘርጊ» የሚለው ትእዛዝ በትክክል መፈጸም ያቃታቸውን ነገር ደጋግሞ የሚያስታውስ ነው። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት፣ የስትሮክ ታካሚዎች ስኒ ከማስቀመጫው ላይ የማኖርና ከመደርደሪያ ዕቃ የማንሣት ሥራ ሲሠሩ፣ ስለ ዕቃው እንዲያስቡ ሲነገራቸው ስለ ክንዳቸው እንዲያስቡ ከተነገራቸው ጊዜ ይልቅ እጃቸው በፍጥነት እንደተንቀሳቀሰ አሳይቷል። እናትዎ ቡና ሲያፈሉ የኖሩ ከሆነ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። ረከቦቱን ከፊታቸው አድርገው «እጅሽን ዘርጊ» ከማለት ይልቅ «እማዬ፣ ያቺን ስኒ አቀብዪኝ» ይበሏቸው። ለዘመናት የሠሩበትን ሥራ ሰውነታቸው ከእርስዎ የበለጠ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርዎ፤ በቤታችን ውስጥ የታመመ ሰው ሲኖር ፍቅራችንን የምንገልጸው ሁሉንም ሠርተንለት ነው። «ተይ፣ እኔ አለሁልሽ» እንላለን። ኤድዋርድ ታውብ የተባለው ተመራማሪ ግን ደካማ እጅ ሳይጠቀሙበት ሲቀር መቻሉን ራሱ እንደሚረሳ አስተምሯል፤ ጤነኛውን እጅ በጓንት ሸፍኖ ደካማውን ማሠራት የሚለው ሕክምናም ከዚሁ የመጣ ነው። ያኛው በባለሙያ ክትትል የሚደረግና ሁሉም ታካሚ የማይችለው በመሆኑ በራስዎ አይጀምሩት። እርስዎ ማድረግ የሚችሉት እናትዎ ስኒዋን እስኪያነሡ ድረስ፣ ደቂቃዎች ቢወስድባቸውም፣ እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው መጠበቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስኒዋ ባዶ ትሁን፣ ጀበናውም ከአጠገባቸው ይራቅ። ትከሻ ላይ ሕመም ከተሰማቸው፣ ወይም አዲስ የድካምና የአንደበት መያያዝ ምልክት ከታየ፣ የወር ቀጠሮውን ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።